ከአምፖሉ የሸሹት ጫጩቶች

ፀጉር ቆራጩ ዕድሜ ልኩን የሰው ጭንቅላት ሲያስተካክል ኖረ እንጂ ዶሮ አርብቶ አያውቅም። ልጃቸው የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ግን ሚስቱ እሷ ዘንድ ሄደችና ጓሮ ያሉት ጫጩቶች እሱ እጅ ላይ ወደቁ። ሚስቱ ሥራው ቀላል ነው ብላው ነበር፤ ውሃና መኖ መስጠት፣ የጣውላ ቤታቸው ውስጥ የተንጠለጠለውን አምፖል መጠበቅ። ሲበርዳቸው አምፖሉ ሥር ይደራረባሉ፤ ሲሞቃቸው ከእሱ ርቀው ይበታተናሉ።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ቢከፍት ጫጩቶቹ ተደራርበው ይጮኻሉ። የተደራረቡት ግን ከአምፖሉ ርቀው፣ ጥግ ላይ ነው። ግራ ገባው። በርዷቸው ከሆነ ምን አሸሻቸው? ሞቋቸው ከሆነስ ምን አደራረባቸው?

ጎረቤቱን፣ ጡረተኛውን ሾፌር ጠራው። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ አየና በርዷቸዋል ብሎ ፈረደ። አምፖሉን ዝቅ አደረጉት፤ ጫጩቶቹ ንቅንቅ አላሉም። እንግዲያው ሞቋቸዋል አለ ሾፌሩ፣ ፊቱን እንኳ ሳይቀይር። ከፍ ሲያደርጉት ጩኸቱ ባሰ። ሾፌሩም እሳት ላይ የጣደው ነገር ትዝ አለውና ውልቅ አለ።

ፀጉር ቆራጩ መላው ጠፍቶት እንደቆመ ሚስቱ ደወለች። አፏን ሳትከፍት ጉዱን ዘረገፈላት።

"ታዲያ በርዷቸዋል ወይስ ሞቋቸዋል?" አለችው።

"ሁለቱንም። ወይ አንዱንም። እኔ እንጃ።"

"እስቲ እጅህን አስገባና አምፖሉ ሥር ወለሉን ዳስስ።"

ስልኩን በትከሻው ይዞ ተንበረከከ። እጁን ቢሰድ የመዳፉ ጀርባ ይሞቃል፣ ጣቶቹ ግን ይቀዘቅዛሉ። ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው ብሎ ጉንጩን እስከ ገለባው ዝቅ ቢያደርግ፣ ሌሊቱን አቅጣጫ የቀየረው ነፋስ በጣውላው ስንጥቅ እየገባ ፊቱን ገረፈው። አንገቱ ላይ የነበረውን ፎጣ ጠቅልሎ ስንጥቁን ወተፈና አምፖሉን ወደ ነበረበት መለሰ።

አንዷ ጫጩት እያመነታች መጣች። ከዚያ ሌሎቹ ተከትለዋት ብርሃኑ ሥር ዘርፈጥ አሉ።

"ተኙ" አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ነቃ አለ። "ቆይ፣ አንቺ ለምንድን ነው የደወልሽው?"

"አያት ሆነሃል ልልህ ነበር።"

ጉንጩ ላይ ገለባ እንደተጣበቀ ወንድ ነው ሴት ብሎ ጠየቀ፤ ሴት ናት አለችው። እሰይ ብሎ ዘጋው። የገዛ ልጁን ደህንነት አለመጠየቁ ትዝ ያለው ስልኩን ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው፤ እየተጣደፈ መልሶ ደወለ።