ሳይነገር ያደረ ሳቅ

«እንግዲህ እናንተም ካልነገራችሁኝ ማን ይነግረኛል?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ ሻይ እያቀበለች።

ዳቦ ጋጋሪዋ ብርጭቆውን ተቀብላ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። አብረዋት የሚማሩትና ለለቅሶ የመጡት የማታ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ስለ ሰሞኑ ሙቀት አነሳ።

«ምንም የለም እትዬ፤ ያን ማታ ደህና ተምረን ነው የወጣነው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ልብስ ሰፊዋ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏ መምህሩ፣ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ከሚያስተምርበት ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው እየሳቀ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሳቁ አላስችል ብሎት ማሰሪያውን መፍታት አቃተው።

«ምንድን ነው?» ብትለው፣ «አሁን ብነግርሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። ነገ እነግርሻለሁ» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ትከሻው ብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ እሷም በምን እንደምትስቅ ሳታውቅ አብራው ሳቀች። ሲነጋ አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

«አናደውት ይሆናል» አለች የባሏ እህት በጆሮዋ፣ ተማሪዎቹን በጎሪጥ እያየች። «ሰው በንዴትም ይስቃል።»

«እሱ? እሱ ሲናደድ አፍንጫው ነው የሚቀላው።»

«እሱስ ልክ ነሽ። በልጅነቱም እንደዚያ ነበር።»

ሰሞኑን የሚያስተምረው ስለ «ኢፍ»፣ በእንግሊዝኛ «ቢሆን» ስለሚባልበት ቃል ነበር። ራት ላይ ሳይቀር እሷን ተማሪ ያደርጋት ነበር። «ዝናብ ከጣለ እንረጥባለን። ይኼ የሚሆን ነገር ነው። ሀብታም ብሆን አዲስ የስፌት መኪና እገዛልሽ ነበር። ይኼ ሕልም ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ያለፈበት ነው። ሌላ ሴት አግብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ይኼን ጨው የበዛበት ሾርባ አልበላም ነበር።»

በማንኪያ እጁን መታችው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ አዘውትሮ የሚያነሳላት አንዱን፣ ታክሲ ነጂውን ነበር። «ፍሬን» ብሎ ቅጽል ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ሰውየው «ኢፍ» ይልና የመጀመሪያውን ግማሽ እንደ ጉድ ይነዳዋል፤ ነጠላ ሰረዙ ጋ ሲደርስ ግን ቀይ መብራት እንደ በራበት ሰው ቀጥ ይላል። ታዲያ የታክሲ ነጂው ከቀብሩ ጀምሮ ከዚህ ቤት አልጠፋም። ወንበር ያመጣል፣ ሽማግሌዎችን ያመላልሳል፤ ደጃፉን ግን ረግጦት አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወጣች። አጥሩ ሥር ወንበር ሲደረድር አገኘችው።

«ሰው ሁሉ ገብቶ ሲቀመጥ አንተ ምነው ደጅ ቀረህ?»

«የምገባበት ፊት የለኝም፣ እትዬ» አለ አቀርቅሮ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች። «በምን?»

«በአፌ።»

«ንገረኝ።»

«የማይሆን ነገር አስባችሁ ተናገሩ አሉን። ያን ማታ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳልቆም ጨረስኩት።» ወንበሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «‹መምህራችን ቢሞት፣ የቤት ሥራ አይኖርብንም ነበር› አልኩ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ተከትላት ወጥታ ኖሮ ከኋላ ተቀበለችው። «ሁላችንም ደንግጠን ወደ እሱ ዞርን። እሳቸው ግን ሰሌዳውን ተደግፈው ሲስቁ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ‹ሰዋስዉ አሥር ከአሥር። ሐሳቡ ግን ተሳስቷል፤ ብሞትም የቤት ሥራ አይቀርላችሁም› አሉና ገጽ ሙሉ አዘዙን።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የባሏ እህት ለቅሶ መስሏት ነጠላ ጫማዋን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ደርሳ ስታያት ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ምን ሆነች? ውሃ አምጡ እንጂ።»

«ተይኝ፤ ነገረኝ እኮ» አለች ትንፋሽ አጥሯት። ወደ ታክሲ ነጂው ዞረች። «እና ሠራችሁት?»

«ምኑን?»

«የቤት ሥራውን ነዋ።»

ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ።

«ሥሩ እንግዲህ፤ አይቀርላችሁም ተብሏል።»

ታክሲ ነጂው ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ሳቀ። እሷ ሳቅ ሲያሸንፋት ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት መምታት ልማዷ ነው፤ ዛሬም እጇን ሰነዘረች። ያረፈው ባዶ ወንበር ላይ ነበር። ፀሐይ ስትመታው ስለዋለች ወንበሩ ሞቋል። እጇን አላነሳችም፤ መዳፏን ዘርግታ እዚያው ተወችው።