አንቱ የተባለ ክሬም

ታናሽ እህቴ “እርስዎ” ማለት ከጀመረችኝ ድፍን ዓመት ሆነኝ።

የምበልጣት በሦስት ዓመት ነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ማበጠሪያ ተሻምተን፣ በአንዲት ቁራጭ ኬክ ፀጉር ለፀጉር ተያይዘን ነው ያደግነው። አሁን ግን ማእድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዱቄት ስንነፋ “ወንፊቱን ያቀብሉኝ” ትለኛለች። “ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ” ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አለኝ፤ ለአክብሮት ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ነገሩ የጀመረው አምና በዛሬዋ ቀን፣ በበጋው በዓል ላይ ነው። በየዓመቱ ፀሐይዋ ስትበረታ የሰፈሩ ሰው ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ ይበላል፣ ይጨፍራል፤ ከእኛ ቤት ደግሞ ባለቀለም ኩኪስ ይሄዳል። የሻይ ስኒ አፍ የምታህል ክብ ኩኪስ ናት፤ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ውሃ ሰማያዊ። ሁለት ሁለቱን እያጋጠምን መሃላቸውን ክሬም እንሞላለን። ኩኪሱን ማንም ይጋግረዋል፤ እኔም እጋግረዋለሁ። ጉዱ ያለው ክሬሙ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት የሌላው ሰው ክሬም እንደ ሾርባ ሲፈስ የእህቴ ክሬም ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእህቴ፣ አዎ። የኔ አይደለም።

አምና የሰፈሩ ሊቀመንበር አንዱን ጎረሰ፣ ሁለተኛ ደገመ፣ ሦስተኛውን በእጁ ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደ። ሰውየውን “ጋሼ ማይክ” ነው የምንለው፤ አንዴ ማይክ ከያዘ የሚያስለቅቀው የመብራት መጥፋት ብቻ ነው። “ይህን ክሬም የሠራች እጅ አንቱ ልትባል ይገባታል!” አለ። “የማን እጅ ናት?” ትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እህቴ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ፣ የበረዶውን ሣጥን ታቅፋ ቆማለች።

“የኔ ናት” አልኩ።

ሁለት ቃል። ለምን እንዳልኩ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ደስ ስላለኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው እኔን እያየ ነበር፤ መታየት ጣመኝ። ሲጨበጨብልኝ ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። ቤት ገብተን “እስቲ ውሃ አቀብይኝ” ስላት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና “ይኸው፣ ይጠጡ። አንቱ ተብለው የለ?” አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እናታችን መጀመሪያ አካባቢ ትቀልድብን ነበር። “ምነው ልጆቼ፣ እኔ ሳልሰማ ቤቴን ቤተ መንግሥት አደረጋችሁት እንዴ?” ትል ነበር። በኋላ ነገሩ ገባትና ቀልዱን ተወችው። እኔን ብቻዬን ስታገኘኝ ግን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ትለኛለች። አትቆጣም፤ መስኮቱን ዝጊልኝ በምትልበት ድምፅ ነው የምትለኝ። እሱ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ሌላ ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ ኬክ ክፍል ውስጥ ሥራ ማግኘቷን ሰማሁ። ከሷ አይደለም የሰማሁት፤ ከእናቴ ነው። የበዓሉ ማግስት ጠዋት ትሄዳለች። ስለዚህ የግድ ዛሬ መናገር አለብኝ። ዛሬ ካልተናገርኩ “እርስዎ” እንዳለችኝ ትሄዳለች፣ በስልክም “እርስዎ” ትለኛለች፣ ስትወልድ ልጆቿን “ተነሡ፣ እንግዳ መጡ” ትልብኛለች። ታላቅ እህት መሆኔ ቀርቶ የሩቅ ዘመድ እሆናለሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ማእድ ቤት ነን። እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ፍሪጁን እከፍታለሁ፣ ምን ልወስድ እንደከፈትኩት ይጠፋኝና እዘጋለሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሙቀት ገባ፤ ዘጋሁት። ታፈንን፤ መልሼ ከፈትኩት።

“ኦቨኑን አይክፈቱት” አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከትሪው ሳትነቅል። “ኩኪሱ ይሰነጠቃል።”

“አንዴ ብቻ ነው ያየሁት።”

“አራቴ ነው ያዩት።”

እናታችን በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ የተጋገረውን በየቀለሙ ትለያለች። “ይቺ ትልቋ ልጅ ሆዴ ውስጥ እያለችም እንዲሁ ነበረች” አለች፣ ለኛ ይሁን ለኩኪሱ ሳይታወቅ። “ዘጠኝ ወር ሙሉ ጎኔን አላሳረፈችኝም።”

እህቴ ፈገግ ልትል ነበር። ከንፈሯ ዳር ላይ አየሁት። ከዚያ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ፈገግታውን መለሰችው።

“ስሚ” አልኩ።

“አቤት፣ ይበሉ።”

“ስኳሩ… ስኳሩ በቃው?”

“በቅቶታል።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔም የመጣሁት ለስኳሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች፤ ኩኪስ የምትለየው እናቴም ታውቃለች።

የክሬሙ ነገር እንዲህ ነው። ወተትና ትንሽ ዱቄት አብሮ ይፈላና እንደ ሙጫ ይወፍራል። ከዚያ ይጠበቃል። ሥራው ሁሉ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። ለብ እንዳለ የገበታ ቅቤ ከገባበት ቅቤው ይቀልጥና ያ ሁሉ ድካም ገደል ይገባል። እህቴ የሳህኑን ቂጥ በመዳፏ ትነካለች፤ እጇ ሙቀትም ቅዝቃዜም ሳይሰማው ሲቀር ብቻ ቅቤውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመረች ትመታዋለች። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔ በዚህ ዓመት ውስጥ እሷ በሌለችበት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ደፍቻለሁ። መጠበቅ አልችልበትም።

እህቴ ትሪ ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ሳህኑን ነካሁት። ቀዝቅዟል ማለት ይቻላል። ተመልሳ ስትመጣ ሥራው ተጋምሶ ብታገኘው ደስ ይላት ይሆናል፣ ደስ ካላት ደግሞ ወሬው ከዚያ ይጀመራል ብዬ አሰብኩ። እናቴ “ተይ” ስትል ሰምቻለሁ። ቅቤውን እንዳለ ዘረገፍኩትና መምቻውን አስነሣሁት። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፤ ሳህኑ ውስጥ የቀረው ቢጫ ውሃና ጓል ብቻ ነበር።

እህቴ ትሪዎቹን እንደታቀፈች ቆማ አየችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተመኘሁ። “አንቺ ደንቆሮ!” ብትለኝ እዚያው አቅፌ እስማት ነበር።

“ምንም አይደለም” አለች። “እርስዎ አረፍ ይበሉ።”

ሳፋ ውስጥ በረዶ ገለበጠችና ሳህኑን አስቀመጠችበት። ከዚያ ወንበር ስባ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። እኔ ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው እመላለሳለሁ።

“ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“ሰው ይጠብቃል።”

“ይጠብቅ።”

ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ተቀመጠች። ከዚያ ሳህኑን አንሥታ ትመታው ጀመር። ያ ውሃ የመሰለ ነገር ቀስ በቀስ ነጣ፣ ወፈረ፣ ማንኪያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በክሬም የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

“እንዴት አዳንሽው?”

“ምንም አላደረግኩም። ቆየሁለት እንጂ።”

በዚህ ጊዜ እናታችን “ወገቤን ላሳርፍ” ብላ ተነሣች። በዚያ እግሯ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። አፌን ከፈትኩ። እህቴም ማንኪያውን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። እዚህ ጥግ ውስጥ ተደብቄ ብነግራት ምን ዋጋ አለው? በሰው ፊት የወሰድኩትን በሰው ፊት ነው መመለስ ያለብኝ። ሰፈሩ ሁሉ ይስማ! እንዲህ ስቆርጥ ወዲያው ቀለል አለኝ። ያ ቅለት ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

“የክሬም መሙያውን ከረጢት ላምጣልሽ?” አልኳት።

ማንኪያውን መልሳ አነሣች። “ያምጡልኝ” አለች።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለዘገየን ግማሹ ኩኪስ ገና ክሬም አልተሞላም ነበር። እህቴ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ፣ የክሬሙን ከረጢት እየጨመቀች መሙላቷን ቀጠለች። የተሞላውን እኔ ይዤ ገባሁ። ጋሼ ማይክ ሁለት ጎረሰ፣ ሦስተኛውን ያዘ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው አመራ።

“አምና አንቱ ያልናት እጅ” ብሎ ጀመረ፣ “ዘንድሮም…”

ማይኩን ቀማሁት። በሰፈራችን ታሪክ ከጋሼ ማይክ እጅ ማይክ የቀማ ሰው የለም። “ያቺ እጅ የኔ አይደለችም” አልኩ። “ክሬሙ የእህቴ ነው። አምናም የእሷ ነበር። ‘የኔ ናት’ ያልኩት ዋሽቼ ነው።”

ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አጨበጨበ።

“አይ ትህትና!” አለ አንዱ።

“ያሳደገሽ ይባረክ!” አሉ አንዲት ሴትዮ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው።

“አያችሁ?” አለ ጋሼ ማይክ ያለ ማይክ፣ በባዶ ጉሮሮው። “አንቱ የተባለ ሰው እንዲህ ነው ዝቅ የሚለው!” ጭብጨባው ከአምናው ባሰ።

ደሜ ፈላ። “ትህትና አይደለም!” ብዬ ጮህኩ፤ ድምፅ ማጉያው አብሮኝ ጮኸ። “ሌብነት ነው የምላችሁ! እኔ ይህን ክሬም ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴ ደፍቼዋለሁ! ዛሬም ልታበላሽባችሁ የነበረችው ይቺው ናት፣ እኔ! እጄን አታዩትም? መጠበቅ የማይችል እጅ ነው!”

ሴትዮዋ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ። አንድ ሰውዬ አፉ ጋ ያደረሰውን ሮዝ ኩኪስ ይጉረሰው ይተወው ቸግሮት ቀረ። ጋሼ ማይክ ማይኩን ከእጄ ወሰደ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቃል አጥቶ የማያውቅ ሰው ግራና ቀኝ አየና “እንግዲህ… ሙዚቃ!” አለ።

ወደ ጀርባ ሮጥኩ። እህቴ ጎንበስ እንዳለች ነው። የቀራት ውሃ ሰማያዊው ብቻ ነበር።

“ሰማሽኝ?”

“ድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል” አለች።

አንዱን ሞላች፣ ከደነች፣ ትሪው ላይ አኖረች። ከዚያ ቀና አለች።

“ለነሱ ከመንገርሽ በፊት ለኔ መንገር አቃተሽ?”

“አቃተሽ” አለችኝ። ያቺ “ሽ” ዓመት ሙሉ የናፈቅኳት ፊደል ናት። ግን አልጨረሰችም።

“ዓመቱን ሙሉ እዚያው ማእድ ቤት ነበርኩ እኮ። ዛሬም ነበርኩ። እናታችን በዚያ እግሯ ተነሥታ ወጣችልሽ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ጠበቅሁሽ። በሰው ፊት ወሰድሽ፣ በሰው ፊት መለስሽ። እኔ የት ነበርኩ?”

በድንኳኑ ውስጥ ጭፈራው ተጀምሯል፤ ወደ እኛ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

“ይቅር በይኝ” አልኳት፤ ድምፄ እሷ ጋ ብቻ የሚደርስ ነበር።

አንድ ኩኪስ ሞላች። ሌላ ሞላች። ላብራራላት፣ ልምልላት፣ ትሪውን ይዤ ልሂድ፣ ብቻ አንድ ነገር ላደርግ እጄንም እግሬንም በላኝ። ቆምኩ። ሦስተኛውን ሞላች። አራተኛውንም ሞላች። አሁንም ቆምኩ።

“አውቶቡሱ የሚነሣው ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው” አለች በመጨረሻ፣ ከትሪው ቀና ሳትል። “ሻንጣው ለአንድ ሰው ይከብዳል።”