ሁለት ጠርዝ ያለው ጎማ

ቀይዋ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ሰውዬው ወገቡን ወደ ግራ አዙሮ ይጠብቃት ነበር። እግሮቹ አልዞሩም፤ እነሱ ፎቶው ወደሚነሳበት ቦታ ፊት ለፊት ተተክለዋል። ከሩቅ በካሜራው ዓይን ውስጥ አስገባት፤ ክርኖቹን ከጎድኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ከመኪናዋ ጋር እኩል ዞረ። አጠገቡ ስትደርስ ቁልፉን ቀስ ብሎ ተጫነ፤ ከተጫነም በኋላ አላቆመም፣ እስክትርቅ ድረስ ተከተላት። በዚያች አንድ ስድሳኛ ሰከንድ ውስጥ አጥሩም፣ ተመልካቹም፣ ማስታወቂያውም ተስበው መስመር ይሆናሉ፤ መኪናዋ ብቻ የቆመች መስላ ትቀራለች። ሠላሳ ዓመት የኖረበት ሥራ ይህ ነው። ለጀማሪ ሁሉ «በእጅ አይደለም፣ ከወገብ ነው!» እያለ ስለሚጮህ በውድድር ሜዳው ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ጋሽ ወገቤ ነው የሚሉት።

ስክሪኑን አየ። የፊት ጎማው ሁለት ጠርዝ ነበረው፤ አንዱ ክብ በሌላው ላይ ተደርቦ ጭጋግ መስሏል። እጄ ተንቀጠቀጠ ማለት ነው፣ አለ በልቡ።

ላለፉት ሁለት ወራት ከገዛ እጁ ጋር ተኳርፎ ነበር። ጠዋት ሻይ ሲያነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል፤ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ከመስታወት ፊት ብዙ ይቆማል። ከባለፈው ውድድር ለጋዜጣው የበቃለት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። አለቃው ጨዋ ሰው ስለሆነ አልተቆጣውም፤ «ጋሼ፣ ካሜራው ነው ወይስ እጅዎ?» ብሎ ብቻ ጠየቀው። ካሜራው ነው ብሎ ዋሸ። አለቃው ታዲያ ለዛሬ አዲስ ካሜራ አስገዝቶ ሰጠውና ከዚህ በኋላ የሚያሳብብበት ነገር አልቀረለትም።

አውራ ጣቱ ወደ ማጥፊያው ሄደ። የተበላሸ ፎቶ እዚያው በቆመበት ማጥፋት የቆየ ልማዱ ነው፤ ዛሬ ግን ሐፍረትም ተጨምሮበታል። በእረፍት ሰዓት የካሜራው ካርድ ይወሰድና የሁሉም ሰው ፎቶ በጋዜጠኞቹ ክፍል ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል። ያን ጎማ እዚያ ሲያዩት፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ እርስ በርስ ሲተያዩ ታየው። ውድድሩ ገና አራተኛው ዙር ላይ ነበር። አጠፋው።

ቀይዋን መኪና የምትነዳው የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ስለ መኪና ውድድር መስማት እንኳ አትፈልግም ነበር፤ ወራት ሙሉ የለመናትና ያባበላት እሱ ነው። በመጨረሻ እህቱ እጇን ሰጠች። «እሺ፣ አንተ ባለህበት ብቻ» አለችው። «ዓይንህን ከሷ ላይ እንዳትነቅል።»

«ነቅዬ ምን ልበላ? እንጀራዬ እኮ እሱ ነው» ብሎ አሳቃት።

በአምስተኛው ዙርም ሁለት ጠርዝ መጣ። አጠፋ። በስድስተኛው ክርኖቹን ጎድኑ እስኪያመው ተጫናቸው፤ ያው ነው፣ አጠፋ። በሰባተኛው ጠርዞቹ ይባስ ብለው ተራራቁ። ተናደደና ቀኝ እጁን በግራው በጥፊ አለው። ከአጥሩ ሥር የቆመች ፎቶ አንሺ አይታው ሳቀች።

«ጋሽ ወገቤ፣ ምን አደረገዎት?»

«ትንኝ ነው» አላትና ፎቶውን አጠፋው።

በስምንተኛው ዙር ግን ሊያጠፋ ሲል ቆመ። ምን ያህል እንደባሰበት በዓይኑ ማየት ፈለገ፤ የታመመ ጥርስን በምላስ እንደመነካካት ያለ ነገር ነበር። ፎቶውን አጎላው። መጀመሪያ በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር መጣ፤ ጥርት ያለ ነው። አልገባውም። ወደ ሄልሜቷ ሄደ፤ የአገጯ ማሰሪያ ስፌት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የኋላው ጎማ አንድ ንጹሕ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ወደ ፊተኛው ተመለሰ። ሁለት ጠርዝ።

እጅ ሲንቀጠቀጥ ፎቶውን በሞላ ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ጎማ ብቻ መርጦ የሚያንቀጠቅጥ እጅ የለም።

«እጄ ደህና ነው!» አለ ጮክ ብሎ። ሳቀም። ሻዩን ያነዋውጠው እንደሆን እንጂ ካሜራ ላይ ሲያርፍ ወገቡ ይዞለት ኖሯል። ደረቱ ቅልል አለው፤ ለአለቃው ምን እንደሚለው፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚለው ሁሉ አሰበ። ይህ ደስታ ምን ያህል እንደቆየ በኋላ ራሱም መናገር አልቻለም፤ ሁለት ሰከንድ፣ ምናልባት ሦስት።

ከዚያ ክው አለ። እጁ ካልተንቀጠቀጠ፣ የተንቀጠቀጠው ጎማው ነዋ። ጎማው እየወለቀ ነው። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ እየወለቀ ነው።

መሮጡን ያወቀው ለነጂዎቹ በባንዲራ ምልክት የሚሰጠው ባንዲራ ያዡ ጋ ሲደርስ ነው። ባንዲራ ያዡ የብዙ ዓመት ወዳጁ፣ ቶሎ የማይደነግጥ ወፍራም ሰው ነበር።

«ቀይዋን አስቁማት! የፊት ጎማዋ ሊወልቅ ነው!»

ባንዲራ ያዡ ካሜራውን አየ፣ ቀጥሎ ካሜራውን የያዘውን እጅ አየ። የእጁ ወሬ እሱም ጋ ሳይደርስ አልቀረም። «ወንድሜ፣» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እጅህ እንዳይሆን?»

«እጄ አይደለም አልኩህ! በሩን እየው! ቁጥሩን እየው!»

አሁን እጁ የእውነት ይንዘፈዘፍ ስለነበር ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር ማየት አይቻልም። ባንዲራ ያዡ አንጓውን ጨምድዶ ያዘለትና ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በሬዲዮው የሆነ ነገር ተናገረና ጥቁሩን ባንዲራ ከመኪናዋ ቁጥር ጋር አወጣ፤ ይህ ባንዲራ የወጣበት መኪና መቆም አለበት።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነበር። ከመታጠፊያው በስተጀርባ ቁልቁለት አለ፤ መኪኖቹ ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። የሞተሯን ድምፅ ከሌሎቹ ለየው። ድምፁ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዓይኑን ጨፈነ፤ የአደጋ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቀዋልና እሱን እንዳይሰማ ጸለየ። አልሰማም። ዓይኑን ሲገልጥ መኪናዋ ብቅ አለች።

ካሜራው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በባዶ ዓይኑ ሲያያት ደነገጠ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሯት እየዞረ ስለሚያይ መኪና ለእሱ የቆመ ነገር ነበር፤ እንዲህ እንደሚፈጥን፣ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ እንደሚቀመጥ ረስቶት ኖሯል። እሱ ነው ለምኖ ያስቀመጣት።

ባንዲራውን አየች። እጇን ከፍ አድርጋ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ወደ ጥገናው መስመር ገባች፤ የእግረኛ ያህል ስትሄድ የፊት ጎማው ወደ ጎን ዘመም አለና ወለቀ። መኪናዋ በአፍንጫዋ አስፋልቱን ፍቃ ቆመች። ጎማው ግን ብቻውን መንገዱን ቀጠለ፤ በሰዎቹ መካከል ተንከባሎ ከግድግዳው ተጋጨና ወደቀ።

መካኒኩ ተንበርክኮ የጎማ ማሰሪያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ከአምስቱ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ተበልቷል። «ጠዋት እኔ ነኝ ያጠበቅኋቸው» አለ ለማንም ሳይሆን፣ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ልጅቱ ሄልሜቷን አውልቃ እየሮጠች መጣች። ላብ ያጣበቀው ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አጎቴ! አንተ ነህ አሉኝ! በፎቶ አየው አሉኝ! እንዴት ነው እንዲህ ያለ ነገር በፎቶ የሚታየው?» ትከሻውን ይዛ ወዘወዘችው። «ስንተኛው ዙር ላይ አየኸው?»

«አሁን በስምንተኛው ነዋ» አለ ባንዲራ ያዡ ስለ እሱ ሆኖ። «ሮጦ ሲመጣ ትንፋሽ አልነበረውም። ሰው አላየውም፣ እኛ አላየነውም፣ እሱ አየው!»

ሰዎቹ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ካርዱ ላይ ያለው የጎማው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ዝም ቢል ነገሩ እዚያ ያበቃል፤ ማንም አይጠይቀውም።

«አራተኛው ላይ» አለ።

ፈገግታዋ አልጠፋም። «ስምንተኛው ነው እኮ የሚሉት።»

«አራተኛው ላይ አየሁት፣ ልጄ። የእጄ መስሎኝ አጠፋሁት። አምስተኛውንም። ስድስተኛውንም።» ሰዎቹ ጀርባውን መምታት አቆሙ። «ሰዎች እንዳያዩብኝ ብዬ ነው። ሰባተኛውንም አጠፋሁት።»

ልጅቱ አንገቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች፤ ሌሎቹ መኪኖች አሁንም እየወረዱበት ነበር። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ተንቀሳቀሰ፤ ዙሮቹን እየቆጠረች መሆኗን አወቀ።

«በየዙሩ እኮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ ነው የምወርደው» አለችው። አልከሰሰችውም፤ እሱ የማያውቀውን ነገር የምታስረዳው ነበር የሚመስለው።

ሊያቅፋት አንድ እርምጃ ቀረበ። እሷም፣ ሳታስበው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።