ጥርኝ ውሃ

«ወዲያው ነው የሞተው፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ» አለ ሲሞን፣ ነጯ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ መንደሩ ስትታጠፍ አሻግሮ እያየ። «አቶ አስረስ ለእህታቸው ብለው በስልክ ለምነውኛል። ስደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር በይ፣ በቃ።»

ዓለምሸት ቀና አላለችም። በማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና በሁለት እጇ ማገላበጧን ቀጠለች። ከቴፒ በኩል ደመና እየመጣ ስለነበር ቡናው ቶሎ ሸራ መልበስ ነበረበት።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ሰምቻለሁ ስትይ ነው እኔ የምፈራው» አለ ሲሞን፣ ሸራውን በአንድ ጫፍ እየያዘላት።

ቢፈራ አይፈረድበትም። ዓለምሸት ይሄ ቡና ደርቋል፣ ያኛው ይቀረዋል ካለች ከሚዛን ከተማ የሚመጣ ነጋዴ እጁን ጆንያ ውስጥ ሳይከት የሚያምናት ሴት ናት። ለጨዋታ እንኳ መዋሸት አትችልም፤ ፊቷ ያሳብቅባታል። ባሏ ደግሞ ሰውን ለማስደሰት ነገር ማሳመር የሚወድ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን ከቅዱሳን ተርታ ሳያስቀምጥ የማይወጣ ሰው ነው። ዛሬ ግን እሱም ጨንቆታል። ሚስቱ በልቧ የያዘችውን ያውቃል።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ጭጋግ ከማለዳው ጀምሮ ኮረብታውን እንደሸፈነ ውሏል። ዓለምሸት ከማሳዋ ጫፍ ጎደሬ እየቆፈረች ሳለ የሞተር ድምፅ ከላይዋ መጣ፣ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ዋንዛው ሲሰበር ሰማች። ለካርታ ሥራ ከላይ ሆኖ መሬት ፎቶ የሚያነሳ የአንድ ድርጅት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ውስጧ የነበረውም አብራሪው ብቻ ነው። ዓለምሸት ስትደርስ ከነወንበሩ ተወርውሮ ቡናው መሃል ወድቋል። ጢም ገና በወጉ ያላበቀለ ልጅ ነበር። ተከትሏት የደረሰው ሲሞን ሰውና ቃሬዛ ሊጠራ ወደ መንገዱ ሮጠ፤ እሷ ቀበቶውን ፈትታ፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ውሃ ስጪኝ» አላት።

ውሃው አጠገቧ ነበር። ጎደሬውን ልታጥብበት ከምንጩ የቀዳችው ቢጫ ጀሪካን፣ እጇን ብትዘረጋ ይደርሳል። አልሰጠችውም። ታናሽ ወንድሟ ቤኪ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ የወደቀ ጊዜ ውሃ ብሎ ሲለምናት በቅል ሙሉ ሰጥታው ነበር። ጠጥቶ ሳይጨርስ እጇ ላይ አለፈ። «ከላይ የወደቀ ሰው ውሃ ይሰጠዋል እንዴ? አንቺ ነሽ የገደልሽው» አሏት ቀፎ ሰቃዮቹ። በዚያ አገር በማር የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሷ ግን በወንድሟ ተማረችው። ይህንን የሰው ልጅ አልገድለውም ብላ በልቧ ማለች።

ልጁ ደጋግሞ ለመናት። ዓይኑ ከጀሪካኑ ላይ አልነሳ አለ። «ትንሽ ታገሥ ልጄ፣ መኪና እየመጣ ነው» እያለች ስታባብለው ቆየችና፣ እያየ እንዳይሰቃይ ብላ ጀሪካኑን ገፍታ ከቡናው ግንድ ኋላ ደበቀችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ጣቷን ያዘ፣ ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ሳይደርሱም ሞተ።

አስከሬኑን ተከትላ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ያነጋገራት ሐኪም ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «ራስሽን አታስጨንቂ፤ ውስጡ በጣም ተጎድቷል። ቢጠጣም ባይጠጣም አይተርፍም ነበር» አላት። ደግ ሰው ነው፣ ምን እንዳደረጋት አላወቀም። ዓለምሸት ያን ቀን ቤቷ የገባችው እንዲተርፍላት ውሃ እንደከለከለች ሴት አልነበረም። ለሚሞት ልጅ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ እንደነፈገች ሴት ነበር። በጸሎት ቤት አለቀሰች፣ ጸለዩላት፣ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል አሏት። «እሱስ ይበለኝ» አለች ለሲሞን ማታ፤ «የልጁ እናት ግን አላለችኝም።» እናትየዋ አርባው ከወጣ በኋላ የሞተበትን ቦታ ልታይ እንደምትመጣ ስትሰማ ቆርጣ ወሰነች። እግሯ ላይ ወድቃ ሁሉንም ትነግራታለች።

መኪናዋ አጥሩ ጋ ቆመች። መጀመሪያ አቶ አስረስ የተባሉት ሽማግሌ ወረዱ፤ ቀጥሎም እህታቸውን ደግፈው አወረዱ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በአውሮፕላን አልሄድም ብለው ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን በመኪና ተጉዘዋል። እግራቸው አብጦ ጫማቸውን ከፍቶታል። ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናናዎት» አለች ዓለምሸት።

«አሜን እህቴ። አስደከምኳችሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ቦታውን ብቻ አሳዩኝ።»

ቁልቁል በቡናው መሃል ወረዱ። ለቃሚ ያልነካው ፍሬ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ከተወሰደ ቆይቷል፤ የቀረው የተሸረፈው ዋንዛና ዘይት የፈሰሰበት፣ ሣር ያልያዘ መሬት ነው። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ማንም ሳይነግራቸው እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው እትዬ» አለ ሲሞን፣ ባርኔጣውን አውልቆ። «አልተሰቃየም። ወዲያው ነው። እኛ ስንደርስ...»

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ሁሉም ወዲያው ነው ይሉኛል።» መሬቱ ላይ ተቀመጡ። «እንድጽናና ብለው ነው። ወዲያው ማለት ግን ማንም አልነበረም ማለት ነው። እንድርያስን አይዞህ ያለው ሰው የለም። ዓይኑን የከደነለት የለም። ልጄ እንደ አውሬ ጫካ ውስጥ ብቻውን ቀረ።»

«ወርቄ፣ እንዲህ አትበይ» አሉ አቶ አስረስ።

«ምን ልበል ታዲያ? መሞቱንስ የሰጠ ነሣ ብዬ እችለው ነበር። ብቻውን መሆኑን ነው ያልቻልኩት።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ለዓለምሸት የሚሆን አልነበረም።

«ብቻውን አልነበረም» አለች።

ሲሞን ክርኗን ነካት። አቶ አስረስ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። እሷ ሁለቱንም ትታ ከሴትዮዋ ፊት ተንበረከከች።

«ወዲያው ነው ያሉዎት ለእርስዎ አስበው ነው። እኔ ስደርስ ነፍሱ ነበረች። ጭንቅላቱ እዚህ ነበር» አለች ጭኗን በእጇ እየዳበሰች። «እናቴ አለኝ። ጣቴን ይዞ ነበር። ዓይኑንም የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ እጃቸውን ዘርግተው የዓለምሸትን ጭን ነኩ።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸውን እዚያው ላይ አሳረፉና አለቀሱ። ልቅሶው ከሆድ የወጣ ነበር፤ ትከሻቸውን ያርገፈግፈዋል። አቶ አስረስ ፊታቸውን ወደ ዋንዛው አዙረው መሐረባቸውን ፈለጉ። ዓለምሸት የሴትዮዋን ጀርባ እያሻሸች እሷም አለቀሰች።

«ፈርቶ ነበር?» አሉ ከቆይታ በኋላ፣ ሳይነሱ።

«መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። በኋላ ግን አልፈራም።»

«ተመስገን። ተመስገን አምላኬ።»

ዓለምሸት አሁን ነው ጊዜው አለች በልቧ። «እትዬ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ...» ብላ ጀመረች። ሴትዮዋ ግን ቀና ብለው በሁለት እጃቸው ክንዷን ያዙ። የሚፈሩትን የሚጠይቅ ሰው አያያዝ ነበር።

«ጥርኝ ውሃስ? ጥርኝ ውሃ እንኳ ቀመሰልኝ? ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያመው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው የሚለው።»

ዓለምሸት አየቻቸው። አፈር የነካው ጉንጫቸው በእንባ ርሷል፤ ዓይናቸው አፏ ላይ ነው። በዚህ ምድር ይቅር ሊሏት የሚችሉት ሴት እኚሁ ናቸው፣ ዳግም ወደዚህ አገር አይመጡም። እውነቱን ብትነግራቸው ምናልባት ይቅር ይሏት ይሆናል፤ ደግ ፊት አላቸው። እሷ ትገላገላለች። እሳቸው ግን የልጃቸውን ጥም ይዘው ያንን መንገድ ይመለሳሉ፤ ብርጭቆ ባነሱ ቁጥር ጀሪካኑ ዓይናቸው ላይ ይመጣል። ያ ኑሮ ምን እንደሚመስል ዓለምሸት ታውቀዋለች። ሁለት ወር ሙሉ ውሃ በቀዳች ቁጥር ኖራዋለች።

«ጠጣ» አለች።

«ጠጣ?»

«ጠግቦ ጠጣ። ከምንጩ ገና መቅዳቴ ነበር፣ ቀዝቃዛ ነው። በእጄ ይዤ ነው ያጠጣሁት።»

ሲሞን ደንግጦ ሚስቱን አየ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የዓለምሸትን ሁለት እጆች ገልብጠው መዳፏን ሳሙ፤ አንዱን ስመው ሌላውን ሳሙ። ከዚያ እጆቿን ሳይለቁ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«በሞቱ ሰዓት ልጄን ያጠጣ እጅ ይባረክ! በጠማሽ ቀን እግዚአብሔር ያጠጣሽ፣ እህቴ። ልጆችሽ በሄዱበት ሁሉ የሚያጠጣቸው ሰው አይጡ!»

ምርቃታቸውን ጨርሰው መልሷን ጠበቁ። እጆቿን ልትነጥቃቸው ቃጣት፤ ግን እዚያው ተወቻቸው።

«አሜን» አለች ዓለምሸት።