የጨጓራ ሻይ

«እህታችን ባትኖር እኔም ዛሬ የለሁም» አለ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማው። «መጠጥ እንድተው የረዳችኝ እሷ ናት። ከሁላችሁም የባስኩ ጠጪ እኔ ነኝ ትለን ነበር፣ ነፍሷን ይማር።»

የሟቿ አክስት ወደ አፏ ያስጠጋችውን የሻይ ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ለስላሳ እንኳ ሲጋብዟት ጋዙ አፍንጫዬን ይነካኛል ብላ የምትመልስ ሴት።

«እርስዎ ደግሞ ከሷ ጋር የት ነው የምትተዋወቁት?» አለች አክስት።

«ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለችው ክፍል። መጠጥ ለመተው የምንታገል ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን።» ሰውየው የሰዉን ፊት አይቶ ደነገጠ። «ቤተሰቦቼ ያውቃሉ ብላን ነበር እኮ። ወንድሜ ነው በመኪና የሚያደርሰኝ ብላን ነበር።»

ዓይን ሁሉ ወደ ወንድሟ ዞረ። የሕፃናት ትምህርት ቤት ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ምራቁን የዋጠ ሰው ይሉታል። ጨጓራ ስላለበት ሻዩን በፔርሙዝ ይዞ ይዞራል። አሁንም ፔርሙዙ ጉልበቱ ላይ ነው።

«ልጄ ትጠጣ ነበር?» አለች እናት። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አለ።

ፔርሙዙ ውስጥ ሻይ ኖሮ አያውቅም። ይህን ከእሱ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ትናንት ተቀበረች።

ያወቀችው ቡትስ ጫማውን ልትጠርግ ስታነሳ የአረቄ ጠርሙስ ከውስጡ ሲንከባለል ነው። አልጮኸችም። የሚኒባሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥታ ጡቷ ሥር ወሸቀችና «የሰው ልጆች ጭነህ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ መፍትሔ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚሰበሰቡት ሰዎች ነገረቻት። ቁልፉን መልሳለት በመኪናው ይዛው ሄደች። ደጁ ሲደርሱ ከመኪናው አልወርድም አለ።

«የልጆቹ ወላጆች ቢያዩኝስ? ሥራዬ ነው እኮ።»

«እሺ፣ መጀመሪያ እኔ ልየው።»

በሩ ላይ የቆመው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። እዚህ የሚገባው በገዛ አፉ ጠጪ ነኝ ያለ ብቻ ነው አላት። «ጠጪ ነኝ» አለችና ገባች።

በዚያው ቀጠሉ። እሱ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል፤ እሷ ውስጥ ገብታ የእሱን ጉድ በራሷ ስም ትናገራለች። ጫማ ውስጥ ስለሚደበቅ ጠርሙስ፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚንቀጠቀጥ እጅ። ሲመለሱ የተማረችውን ትነግረዋለች። «አጠገቤ ቦታ ይዤልሃለሁ» ትለዋለች። «ለሚመጣው ቅዳሜ» ይላታል። ያቺ የሚመጣው ቅዳሜ አልመጣችም።

በማግሥቱ ወሬው እግር አወጣ። «ለካ ጉበቷን ያለ ነገር አልታመመችም!» አለች አክስት ወጥ ቤት ሆና፣ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ ብላ። ሐኪሙ በሽታው በደም የሚተላለፍ ነው፣ ከመጠጥ ጋር አይገናኝም ብሎ ነበር። ግን ሐኪም ለቅሶ አይደርስ። ቀሚስ ያሰፉ ደንበኞቿ ሳይቀሩ እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ትዝ አላቸው፤ ቀጥ ያለ ስፌቷን ለብሰው ተቀምጠው። የወንድሟ ጉበት ደግሞ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም።

እናት ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ተወች። የልጇን ፎቶ ከጠረጴዛው አንስታ በተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ትራሷ ሥር ሸጎጠችው። እሱ ይህን አየ። አይቶም መጸዳጃ ቤት ገባና በሩን ቆልፎ ጠጣ። ራሱን ጠላ፣ ደግሞ ጠጣ።

ለቀስተኛው ሊበተን ሲል ፀጉር አስተካካዩ ተመልሶ መጣ። ሳይቀመጥ እናት ፊት አጎነበሰ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚያ የተወራ ከዚያ መውጣት አልነበረበትም። የምታውቁ መስሎኝ ነው።»

«አንተ ምን አደረግህ ልጄ። ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሸኝ የኖረች እሷ ናት» አለች እናት። «ለካ የማላውቃትን ነው የቀበርኩት።»

ይህቺን ወንድሟ አልቻላትም። ተነሣ። የፔርሙዙን ክዳን ከፍቶ ኩባያ ውስጥ ቀዳና እናቱ እጅ ላይ አስያዛት።

«እማዬ፣ ቅመሺው።»

«የጨጓራህን ሻይ እኔ ምን ላድርገው?»

«ቅመሺው ብቻ።»

አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ እጇ ቀጥ አለ። ሽታው አክስት ጋ ደረሰ።

«እሷ ጠብታ ቀምሳ አታውቅም» አለ እሱ። «እዚያ የተናገረችው በሙሉ የኔ ነው። በኔ ፈንታ ነው የገባችው። እኔ ደጅ ነበርኩ።»

ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደገፈ።

እናት አልሰደበችውም፤ ቀና ብላም አላየችውም። በግራ እጇ ትራሷ ሥር ዳብሳ ፎቶውን አወጣች። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ጉልበቷ ላይ አቆመችው። ቀኝ እጇ አሁንም ኩባያውን እንደያዘ ነው። ልጇ ኩባያውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም።