በምሳ ሰዓት የሚመጣው

አክስቴ እትዬ ጥሩሸዋ ሞላሌ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ልጅ ስላልወለዱ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። አንድ ጊዜ ፕሪንተራቸው አልሠራ ሲል፣ እኔ ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ተቀምጬ በኢንተርኔት ኮምፒውተራቸው ውስጥ ገብቼ አስተካከልኩላቸው። የማውሱ ቀስት ብቻውን ስክሪኑ ላይ ሲሄድ እያዩ በስልክ ሳቁብኝ።

«እጅህ ሞላሌ መጣ፤ ሆድህ ግን እዚያው ቀረ። ምን ላብላህ?»

ከወራት በኋላ ደወሉ።

«ታዲዮስ፣ ትናንት መጥተህ ምነው ዝም ብለህ ሄድክ?»

«የት መጥቼ?»

«እዚሁ ነዋ፣ ኮምፒውተሬ ላይ። ሰሞኑን ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣህ ቀስቱን ስታዞር፣ እንዳላስቸግርህ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። እዚያው ስክሪኑ ላይ ‹እንደምን ዋልክ› ብዬ ብጽፍልህም አትመልስም።»

እኔ አልገባሁም ነበር። የኢንተርኔቱን ገመድ አሁኑኑ እንዲነቅሉ ነገርኳቸውና በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ።

ነገሩን ማግኘቱ አልከበደም። አንድ ደንበኛ ሳያውቅ በፍላሽ ካመጣላቸው ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም ጋር ሌላ ተደብቆ ገብቷል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሣና ለማይታወቅ ሰው የጓሮ በር ይከፍታል። ያ ሰው የደንበኞችን መታወቂያ፣ ማመልከቻ፣ መምህራን የሚያስጽፉትን ፈተና ሁሉ እንደ ልቡ ያያል።

ከባዱ ለእሳቸው መንገሩ ነበር። «አንዳንዴ እኔ ነበርኩ» ልላቸው ቃጣኝ። እንዲያ ብል ግን ነገም ሌባ ሲመጣ እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ።

«እትዬ፣ እኔ የገባሁት ፕሪንተሩን የሠራሁ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ሌባ ነው።»

በነጠላቸው ጫፍ የስክሪኑን አቧራ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ሁልጊዜም?»

«ሁልጊዜም።»

«ሰላምታዬንስ አንብቦታል?»

«ሳያነበው አይቀርም።»

«አለመመለሱ ነው ያሳሳተኝ» አሉ። «ያንተ አመል ነው ብዬ።»

ሥራዬን ቀጠልኩ። የተደበቀውን ፕሮግራም ብቻ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አንድ በር የከፈተ ሌላም ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽሑፎቹን ብቻ ለይቼ ገለበጥኩ፤ በፀረ ቫይረስ ፈተሽኳቸው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌ ሁሉን እንደ አዲስ ጫንኩ። የኢሜይላቸውንና የቴሌግራማቸውን የይለፍ ቃል በእኔ ስልክ ቀየርን። እሳቸው አጠገቤ ቆመው «የመምህራኑ ፈተና አለ?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። አለ። ሁሉም አለ።

በመጨረሻ የኮምፒውተሩን አዲስ የይለፍ ቃል ራሳቸው እንዲጽፉ ፊቴን አዞርኩላቸው።

«አንተም አታየውም?»

«እኔም አላየውም። መግባት ስፈልግ እደውላለሁ፤ ድምፄን ሰምተው ይከፍቱልኛል።»

በአንድ ጣት እየፈለጉ ጽፈው ጨረሱ።

«እኔ ከእንግዲህ ድምፅም አላምንም» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን መኪና እንዳለ ዛሬ አይተሃል።»