ናይስ ከምን ወጣች

አባቴን እንግሊዝኛ ከማስተማር ድንጋይ መፍለጥ ይቀል ነበር።

አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ያስተምሩ ነበር። ያን ዓመት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ያላለፈ የቤተ ክህነት መምህር ከሥራው ይሰናበታል የሚል ትእዛዝ ከአዲስ አበባ መጣ። በአማርኛው አላሳሰቡኝም፤ በሒሳቡም ቢሆን አያንሱም። ጉዱ እንግሊዝኛው ነው። እሳቸው ከወደቁ ወደ አገራችን ወደ ወገዳ እንመለሳለን። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወገዳ ደግሞ ለእኔ የሚሆን ክፍል የለም። የሚጠብቀኝ አጎቶቼ ያጩልኝ ባል ነው። ስለዚህ አስተማሪያቸው ሆንኩ።

«ናይስ ማለት መልካም ማለት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ከምን ወጣች?»

«ከየትም አልወጣችም። መልካም ማለት ናት፤ በቃ።»

«አባቷ ያልታወቀ ቃል አላጠናም፣ የሺ።»

ብለምን፣ ብቆጣ ወይ ፍንክች። ቢቸግረኝ ፈረንጁን አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። ያን ትልቅ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ፣ ቃሏ ጥንት በላቲን «የማያውቅ» ማለት እንደነበረች፣ ከዚያ ሞኝ፣ ከዚያ ቅንጡ፣ ኋላ ኋላ መልካም ወደ ማለት እንደዞረች ነገረኝ። ምነው ባልጠየቅኩት ኖሮ።

«አላዋቂ እንዴት መልካም ሊሆን ቻለ?» አሉ አባቴ፣ ፊታቸው በርቶ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማስጠናት ቀረ። ግስ ላስይዛቸው ስል «ቆይ፣ ይህች ነገር ሐተታ አላት» ይሉኛል። አንድ ቀን ደብተሩን ወርውሬ አለቀስኩ። እሳቸው አንስተው አራገፉና ገጹን ፈለጉልኝ።

የፈተናው ዕለት ደጅ ቆሜ በመስኮት አየኋቸው። ብዕራቸው አያርፍም። ደስታዬን አልቻልኩትም። ሲወጡ ሮጬ ሄድኩ።

«እንዴት ነበር፣ አባባ?»

«ናይስ መጣች» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ዓረፍተ ነገር ሥሩባት ይላል። እንዲያው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው ብዬ በአማርኛ አፍታታኋት። አላዋቂ ማለት ነው፤ ሕፃን ክፉውን አያውቅምና መልካም ይባላል። አንድም ሞኝ ማለት ነው፤ ሞኝ ተንኮል የለውምና። አንድም...»

«የቀሩትስ ጥያቄዎች?»

«ሰዓቱ አለቀ» አሉ።

ፈታኙ አማርኛ የተጻፈበትን የእንግሊዝኛ ፈተና ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ጥቅምት ላይ ጓዛችንን በበቅሎ ጭነን ወደ ወገዳ ወረድን። ከንፋስ መውጫ ስንወጣ ጀምሮ አላናገርኳቸውም፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። አርብ ገበያን አልፈን ስናርፍ ግን አዘንኩላቸውና ውሃ ሰጠኋቸው።

«ምነው ከፋዎት፣ አባባ?»

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ያ ሁሉ ቃል እያለ፣ ፈረንጁን ስለ አንዷ ብቻ ጠይቀነው መጣን።»

በጥር ዳሩኝ።